ለቀጭን ሰው የሚሆን ሾክ

“የወፍራሙን ነገር ተወው። ከእንግዲህ የሚነዳው ቀጭን ሰው ነው።”

በርሜሉ ይህን ሲሰማ አንድ እግሩ ከእናቱ ግቢ ውስጥ፣ አንዱ ገና ከበሩ ውጭ ነበር። ታናሽ ወንድሙ ከልብስ ማስጫው ገመድ ኋላ፣ በተሰጡት አንሶላዎች ተከልሎ በስልክ ያወራል። ከአንሶላው በታች የሚታየው ወዲያና ወዲህ የሚለው ጫማው ብቻ ነው። “አዎ፣ ጎማውም ሾኩም ዛሬ ይቀየር። አብረን ነው የምንመጣው። ታዲያ የነገርኩህን ነገር እሱ ፊት እንዳታነሳ፣ አደራ” አለና ስልኩን ዘጋ። በርሜሉ ያስገባውን እግሩን መልሶ አወጣ። በሩን እንደ አዲስ አንኳኳ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ አሁን ገና እንደ ደረሰ ሰው “ቤቶች!” እያለ ገባ። ሰውን እጅ ከፍንጅ ለመያዝ መጀመሪያ ምንም እንዳላዩ መምሰል እንደሚያስፈልግ ሥራው አስተምሮታል።

በርሜሉ እናቱ ያወጡለት ስም አይደለም። ረጅምና ወፍራም ሆኖ ስላደገ የሰፈር ልጆች የለጠፉበት ነው፤ እሱም ቅር ብሎት አያውቅም፣ እንዲያውም ይኮራበታል። ሥራው በአንድ የእህል መጋዘን ውስጥ መዛኝነት ነው። ከትልቁ የወለል ሚዛን አጠገብ ቆሞ የሚገባውንና የሚወጣውን ጆንያ ይመዝናል፤ በዚህ ሥራ ላይ የቆየ ሰው ደግሞ ማንንም አያምንም። ጆንያውን ውሃ አርከፍክፎ የሚያመጣ አለ። ከመሃሉ ድንጋይ የሚከት አለ። ወሬ እያወራ ክርኑን ጆንያው ላይ የሚያስደግፍ አለ። ከሁሉ የሚብሰው ግን የእግሩን ጫፍ ቀስ አድርጎ የሚዛኑ ጠርዝ ላይ የሚያሳርፈው ነው፤ ፊቱ ላይ ምንም ሳይታይ እግሩ ብቻ ይሰርቃል። በርሜሉ እንዲህ ያለውን ከሩቅ ያውቀዋል፣ “እግር!” ብሎ ሲጮህ መጋዘኑ በሙሉ ይደነግጣል። ችግሩ፣ ከሥራ ሲወጣ ይህን ዓይኑን እዚያው ትቶት አይሄድም። ሚስቱን ይጠረጥራል፣ ጎረቤቱን ይጠረጥራል፣ ቆጣሪ አንባቢውን ይጠረጥራል። ወንድሙን ግን እስከ ዛሬ ጠዋት ጠርጥሮት አያውቅም ነበር። ወይም ያውቃል፣ ግን በትንሽ በትንሹ ነው።

ሞተር ብስክሌቱ የአባታቸው ነው። አባትየው ሲሞቱ ቤቱ ለእናታቸው፣ ሞተሩ ለሁለቱ ልጆች ቀረ። ለሁለት የሚቆረጥ ነገር ስላልሆነ አንዱን ሳምንት አንዱ፣ ሌላውን ሳምንት ሌላው እንዲነዳው ተስማሙ፤ ቅዳሜ ጠዋት እናታቸው ግቢ ይረካከባሉ። ሞተሩ አሮጌ ነው። የሠራው ፋብሪካ ከተዘጋ ቆይቷል፣ የነዳጅ ጋኑ ቀለም አባትየው በጉልበታቸው ያቅፉት በነበረበት ቦታ ላይ ተፍቆ ብረቱ ይታያል። በርሜሉ ወፍራም፣ ታናሽየው ደግሞ ልብስ ሰፊና እንደ መርፌው ቀጭን ስለሆነ ርክክቡ የራሱ ሥርዓት አለው። ከኋላ ጎማ ግራና ቀኝ ሆነው ንዝረቱን በሚውጡት ሾኮች ላይ ሞላውን የሚያጠብቅና የሚያላላ ጥርስ ያለው ቀለበት አለ። አባትየው የተዉት ቆልማማ መፍቻም ከወጥ ቤቱ በር ጎን ምስማር ላይ ተሰቅሏል። በርሜሉ ሲረከብ ሞላውን እስከ መጨረሻው ያጠብቃል፣ ታናሽየው ሲረከብ እስከ መጨረሻው ያላላል። ወንድማማቾቹ ከዚያ በላይ ብዙም አያወሩም። አንዱ መፍቻውን ከምስማሩ ያወርዳል፣ ሌላው ቆሞ ያያል፣ ከዚያ “በል ቻው” ነው።

ሾኩ ይቀየር ያለው ራሱ በርሜሉ ነው። ከጥቂት ወራት ወዲህ ሞተሩ ደርቆበታል። ድሮ የሚታዘዝለት ሞላ አሁን ጠጠር በረገጠ ቁጥር ወገቡን ይመታዋል፣ ከመጋዘኑ ቤቱ እስኪደርስ ጥርሱ ይንገጫገጫል። “ይሄ ሾክ ሞቷል” አለ አንድ ቅዳሜ። ታናሽየው ተንበርክኮ አየው፣ በጨርቅ ጠረገው፣ ዘይት አላፈሰሰም። “እኔን ደህና ነው የሚይዘኝ” አለና ቀና ብሎ በርሜሉን ከእግር እስከ ራሱ አየው። ምንም አልጨመረም። ጎማዎቹ ግን ጎንና ጎናቸው ተሰነጣጥቆ ስለነበር ጎማውም ሾኩም አንድ ላይ ይገዛ ተባለ። ያንን አስተያየት በርሜሉ አሁን ሲያስታውሰው ሁሉ ነገር ግልጽ ሆነለት። ልጁ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሲያሰላ ነበር! ሾክ የሚመረጠው በሚቀመጥበት ሰው ክብደት ነው። ለቀጭን ሰው በተመረጠ ሾክ ላይ ወፍራም ሰው ከተቀመጠ ሞተሩ በየጉድጓዱ ከታች ይጋጫል። ወፍራሙ አንድ ሁለት ሳምንት ይታገሳል፣ ከዚያ ይመረውና “በቃ ያዘው” ይላል። ጠብ የለ፣ ሽማግሌ የለ፣ የአባቱ ሞተር በሞላ ተነጠቀ። ሞተሩ ሲሄድ ደግሞ ቅዳሜውም አብሮ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ወንድም ያለው ሰው ነኝ ለማለት ምን ምክንያት ይኖረዋል? ይህን ሲያስብ ሆዱ ባባ፣ ወዲያው ደግሞ ተናደደ።

ቤት ገብቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ሌሎቹ ስለማይችሉት አባትየው እግሮቹን በብረት ያጠናከሩለት የሱ ወንበር ነው። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ከመስኮቱ ሥር የታናሽየው የስፌት መኪና፣ አልጋው ላይ የተቆራረጠ ጨርቅ፣ ግድግዳው ላይ አባትየው ሞተሩ ላይ ሆነው የተነሱት ፎቶ አለ። ታናሽየው የመለኪያ ሜትሩን እንደ ሁልጊዜው አንገቱ ላይ ጥሎ ቆሟል። እናታቸው ውሃ አመጡለት፣ ጨረሰው። ደገሙት፣ እሱንም ጨረሰው። እናትየው ባዶውን ብርጭቆ እንደያዙ ቆመው አዩት።

“ውሃ አበዛህ ልጄ።”

“መጋዘኑ አቧራ ነው እማዬ።”

እናትየው ወደ ታናሽየው ዞር አሉ። ታናሽየው ወደ ስፌት መኪናው ዞር አለ። በርሜሉ ሁለቱንም አየና ልቡ ስንጥቅ አለ። እናቱም አሉበት ማለት ነው! የወለዱት፣ በጀርባቸው ያዘሉት እናቱ፣ ለታናሽየው አብልጠው ከዚህ ሴራ ገብተዋል። “እንሂድ” ብሎ ተነሳ፣ ሲነሳም ሱሪውን በሁለት እጁ ወደ ላይ ሳበ። ይህ ሱሪም ሌላ በደል ነው። የሰፋለት ታናሽየው ሲሆን መጀመሪያ ልክክ ብሎለት ነበር፤ እየዋለ እያደረ ግን ወገቡ ሰፋ። በርሜሉ ጨርቁ ርካሽ ስለሆነ ተለጠጠ ብሎ ደመደመ። ቀበቶውም ተለጠጠ፣ ዘንድሮ ቆዳ የሚሉት ካርቶን ነው ብሎ በምስማር አዲስ ቀዳዳ በሳበት። የሸሚዙ አንገት ተለጠጠ፣ ሚስቱ ክፉ ሳሙና ገዝታ ነው። ጨርቅ ሻጩ፣ ቀበቶ ሻጩ፣ ሳሙና ሻጩ ሁሉ ሌባ ሆነዋል። እንዲያ ያለ ጠርጣራ ሰው፣ ይህን ሁሉ ሌባ ነፃ የሚያወጣ ሌላ ምክንያት ሊኖር እንደሚችል አንድ ቀን እንኳ አልጠረጠረም።

ግቢው ውስጥ መፍቻውን ከምስማሩ አወረደና የሁለቱንም ሾኮች ሞላ እስከ መጨረሻው አጠበቀ፤ ሳምንቱ የሱ ነው። ወንድሙ እያየው መሆኑን ስላወቀ የመጨረሻውን ጥርስ ሆን ብሎ በኃይል አዞረው። “ጎማው ተሰንጥቋል፣ ሁለት ሰው አይችልም። አንተ በታክሲ ና” አለውና ብቻውን ነድቶ ወጣ። ጎማው እውነትም ተሰንጥቋል፣ ዋናው ምክንያት ግን ስልክ የተደወለለትን ባለሱቅ ቀድሞ ለብቻው ለማግኘት ነበር።

የመለዋወጫ ሱቆቹ ያሉበት መንገድ ጥቁር ነው። አስፋልቱ ዘይት ጠጥቷል፣ ግድግዳው ዘይት ጠጥቷል፣ የሰዎቹ ጥፍር ዘይት ጠጥቷል። በየበሩ ላይ ጎማ እንደ ዓምድ ተደርድሯል፣ ከጣሪያው ላይ ሰንሰለትና መስታወት ተንጠልጥሏል፣ ሁሉም ሱቅ “ኦርጅናል” የሚል ቃል አንድ ቦታ ላይ ጽፏል። በርሜሉ ይህን ቃል ሲያይ ጥርሱን ያፋጫል። ባለሱቁ አጠር ያለ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን የሚፈልግ ሰው ነው። በርሜሉ ሰላምታውን አሳጠረና “ወንድሜ ስለ ሾኩ ምን አለህ?” ሲል ጠየቀው። ባለሱቁ መልስ ከመስጠቱ በፊት የጠረጴዛውን አቧራ ጠረገ፣ ደግሞ የጠረገውን ጠረገ። “እሱ ሲመጣ እናወራለን። መጀመሪያ ጎማውን እንጨርስ” አለ። የሚዋሽ ሰው ሁልጊዜ እጁ ሥራ ይፈልጋል፤ ይህን ደግሞ በርሜሉ መጋዘን ውስጥ ብዙ ጊዜ አይቶታል።

ታናሽየው ከታክሲ ወርዶ ሲደርስ በርሜሉ ጎማ ላይ ነበር። ጎማ መርጦ አይጠግብም። ጥፍሩን ላስቲኩ ውስጥ ተከለ፣ ጥፍሩ የተወው ምልክት ቶሎ እንደሚመለስ እንደማይመለስ አየ፣ አሸተተው፣ በምራቅ ባራሰው ጣቱ ጎኑን ፈተገና ጣቱን ለባለሱቁ አሳየው። “ዘይት ቀብተኸዋል። እንዲህ የሚያብለጨልጭ አዲስ ጎማ የለም።” ባለሱቁ ማለ። በርሜሉ ጎማው የተሠራበት ሳምንትና ዓመት የታተመባትን ቦታ ፈልጎ አነበበ፣ የመጀመሪያዎቹን ጥንድ ጣላቸው፤ ተሠርተው መደርደሪያ ላይ ያረጁ ነበሩ። ሁለተኞቹም አልጣሙትም። ሦስተኛ ጊዜ ባለሱቁ ከኋላ ክፍል ሁለት ዓይነት ይዞ ወጣ። ከፊት የሚገባው አንድ ዓይነት ሆኖ ለኋላው ግን ምርጫ ነበረው፤ አንዱ ቀለል ያለ፣ ሌላው ብዙ ክብደት የሚሸከም ወፍራም ጎማ። ዋጋቸው ይራራቃል።

“ቀላሉ ይበቃል ወንድም ጋሼ” አለ ታናሽየው። “ይሄኛው ለብዙ ኪሎ ነው። በከንቱ ውድ ነው።”

“ለማን ነው የሚበቃው?”

በርሜሉ ከባዱን ጎማ አንስቶ ደረቱ ላይ አቀፈው። “ልዩነቱን ከራሴ እከፍላለሁ። ይሄ ነው የሚገባው” አለ፣ ድምፁ ከሚያስፈልገው በላይ ጮክ ብሎ። ባለሱቁ ታናሽየውን አየው፣ ታናሽየው “ይግባለት” በሚል ራሱን ነቀነቀ። ይህቺ “ይግባለት” በርሜሉን ይበልጥ አበገነችው፤ ታምሞ የሚያለቅስ ሕፃን ነው እንዴ እሺ እሺ የሚሉት?

ጎማ ገጣሚው ከበሩ ውጭ አሮጌዎቹን ከቸርኬው እያላቀቀ አዲሶቹን ሲገጥም፣ ሦስቱ ሱቅ ውስጥ ተቀምጠው ጠበቁ። ባለሱቁ ለወሬ ያህል ስለ ሙቀቱ አነሳ፣ ማንም አልተቀበለውም። በርሜሉ ውሃ ጠየቀ፣ የመጣለትን ጠርሙስ ሳያወርድ ጨረሰው። ወንድሙ ጠርሙሱ ባዶ እስኪሆን ድረስ ዓይኑን ሳይነቅል እንዳየው ልብ ብሏል። ውሃዬንም ይቆጥሩብኝ ጀመር አለ በልቡ። ልጅ ሆነው ይህ ታናሽየው ከሱ ኋላ ካልሆነ መንገድ አይሻገርም ነበር። አባታቸው ሞተሩን ለበርሜሉ ሲያስተምሩት እንኳ ከኋላ ተፈናጦ “እኔም፣ እኔም” እያለ ያለቅስ ነበር። ሰው እንዴት እንዲህ ይሆናል? በርሜሉ ዓይኑ እርጥብ ሲልበት ሰዓቱን ያየ መሰለ።

ጎማዎቹ ገብተው ካበቁ በኋላ የሾኩ ነገር መጣ። ባለሱቁ ሁለት ጥንድ ሾክ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። የአንዱ ሞላ እንደ ጣት የወፈረ፣ የሌላው ቀጠን ያለ ነው። “በግምት አልሸጥም” አለ። “መጀመሪያ ባዶውን እንለካለን፣ ከዚያ ሰው ይቀመጥበታል፣ እንደገና እንለካለን። ምን ያህል ወደ ታች እንደተኛ አይተን ነው ሞላውን የምንመርጠው።” የሱቁ ሜትር የት እንደገባ ስለጠፋው ታናሽየው የራሱን ከአንገቱ አውርዶ ሰጠው። በርሜሉ የልብስ ሰፊውን ሜትር ተቀብሎ በሁለት እጁ ወጠረው፣ ያልተቆረጠ መሆኑን ከጫፍ እስከ ጫፍ አየ፣ ከዚያ ፈቀደ። ከኋላ ጎማው መሃል እስከ መቀመጫው ጠርዝ ተለካ። ታናሽየው ተቀመጠ፣ ሞተሩ አንድ ጣት ያህል እንኳ አልተኛም። “አየህ፣ ላንተ ጠንካራ ነው፤ በኔ ልክ ነው ያጠበቅኩት” አለ በርሜሉ በድል አድራጊነት። ከዚያ ራሱ ወጣ። እግሮቹን መርገጫው ላይ አሳረፈ፣ ሙሉ ክብደቱን ጥሎ ተንደላቅቆ ተቀመጠ። ባለሱቁ ለካ። ተንበርክኮ ደግሞ ለካ። መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ ዓይኑ ላይ አደረገና ለሦስተኛ ጊዜ ለካ።

“ስንት ተኛ?” አለ በርሜሉ።

ባለሱቁ ቀና ብሎ ታናሽየውን አየ።

“እሱን ምን ታየዋለህ? የተቀመጥኩት እኔ ነኝ።”

“አልተኛም ማለት ይቻላል” አለ ባለሱቁ ቀስ ብሎ። “ከወንድምህ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ወንድሜ፣ ክብደትህ ስንት ነው?”

“መቶ አራት።”

ይህን ቁጥር የያዘው ተሸካሚዎቹ አንድ ጊዜ ለቀልድ ጎትተው ሚዛኑ ላይ ያወጡት ዕለት ነው። መጋዘኑ ያኔ በሳቅ ተናግቶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሌላውን ሲመዝን ከመዋል በቀር እሱ ራሱ ወጥቶበት አያውቅም። ባለሱቁ ወደ ክፍለ ሀገር የሚላክ ዕቃ የሚመዝንበትን ትንሽ ሚዛን በእግሩ ገፋ አድርጎ ከጠረጴዛው ሥር አወጣ። በርሜሉ በንቀት ወጣበት። ሰባ ዘጠኝ አለ። ወርዶ እንደገና ወጣ፣ ሰባ ዘጠኝ። ሚዛኑን በጫማው ጫፍ መታው፣ ሲወጣበት ያው ነው።

ያን ጊዜ ጠዋት የዋጠው ሁሉ ወጣ። “ይሄ ሚዛን አይደለም፣ ይሄ ቆርቆሮ ነው! ለኔ ነው ሚዛን የምታሳዩት? ሁለታችሁ ተመካክራችሁ ነው። በስልክ ስታወራ ሰምቼሃለሁ አንተ ልጅ፣ አንሶላ ውስጥ ተደብቀህ! ‘የወፍራሙን ነገር ተወው’ አላልክም? ሞተሩን ከፈለግከው ‘ስጠኝ’ በለኝ፣ እሰጥሃለሁ። እንዲህ አድርገህ አታስወጣኝ!” ከበሩ ውጭ የነበረው ጎማ ገጣሚ መዶሻውን አቆመ። ባለሱቁ ሊናገር አፉን ከፍቶ አደራውን አስታውሶ ዘጋው። ታናሽየው ፊቱ አመድ መሰለ፤ ይቅርታም አልጠየቀም፣ አልካደም። ሜትሩን ከባለሱቁ እጅ ተቀብሎ አጣጥፎ ኪሱ ከተተ።

“የምታምነው ሚዛን የቱ ነው?” አለ።

“የኔ!”

“እንሂዳ።”

ጎማው አዲስ ስለሆነ አሁን “በታክሲ ና” የሚባልበት ምክንያት አልነበረም። ታናሽየው ከኋላ ተፈናጠጠ። በርሜሉ ተናዶ ስለነበር ሞተሩን ነጠቅ አድርጎ አስነሳው፣ ታናሽየው እንዳይወድቅ ሁለት እጁን በወንድሙ ወገብ ዙሪያ ጣለ። ይህ የድሮ ነገራቸው ነው። ልጅ ሆኖ ከኋላ ሲቀመጥ እጆቹ በበርሜሉ ሆድ ላይ ተገናኝተው አያውቁም ነበር፤ ግራና ቀኝ ሸሚዙን በጡጫው ጨብጦ ነበር የሚሄደው፣ ትልቅ ሰው ከሆነም በኋላ እንዲሁ። አሁን በርሜሉ ሆዱ ላይ የወንድሙ ጣቶች ሲቆላለፉ ተሰማው። የዚህ ልጅ እጅ መቼ ረዘመ? ብሎ አሰበ። መንገዱ ጉድጓድ ነበረው፣ ሞላው ወገቡን መታው፣ ጣቶቹ አልተላቀቁም። የትራፊክ መብራቱ ላይ ሲቆሙ ወደ ታች አየ። የወንድሙ ጣቶች መቆላለፍ ብቻ አይደለም፣ አንዱ እጅ በሌላው ላይ ተደርቦ ክንዱን ይዟል። በርሜሉ መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን አላየውም፤ ከኋላው ያሉት መኪኖች ሁሉ ጮኹበት። ፈራ። ለምን እንደሆነ ገና በቃል ሳይለው ፈራ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጋዘኑ ባዶ ነው። ዘበኛው ከመቀመጫው ሳይነሳ “በርሜሉ፣ ረስተህ የሄድከው ነገር አለ እንዴ?” አለና በሩን ከፈተ። በርሜሉ አልመለሰለትም። ውስጡ ጨለም ብሎ ይበርዳል፣ የእህሉ አቧራ ከጣሪያው ቀዳዳ በሚገባው ብርሃን ውስጥ ይንሳፈፋል። በርሜሉ ሥራውን እንደ ሥራው ሠራ። የሚዛኑን ወለል በመጥረጊያ ጠረገ፣ መርፌውን ዜሮ ላይ አስተካከለ፣ ለመፈተኛ የሚያገለግለውን ብረት አምጥቶ ጣለበትና አየ፤ ሚዛኑ አልዋሸም። ብረቱን አወረደ። ጫማውን ሊያወልቅ ፈለገና ተወው። ታናሽየው ጠጋ ብሎ ቆሞ ነበር።

“ወደኋላ በል። እግርህን ከጠርዙ አርቅ።”

“አርቄያለሁ።”

ወጣ። መርፌው ትልቁ ሰሌዳ ላይ ተንቀጠቀጠ፣ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ቆመ። ሰባ ዘጠኝ። በርሜሉ ማንም እንዳልነካው ለማየት ግራና ቀኝ ዞረ። ማንም አልነበረም። ጨርቅ ሻጩም፣ ቀበቶ ሻጩም፣ ሚስቱም፣ እናቱም እዚያ አልነበሩም። ከዚህ ሚዛን ላይ ስንት ሰው “ዋሽቷል” እያለ ሲጮህ እሱ በእርጋታ “ሚዛኔ አይዋሽም” ብሎ መልሷል። አሁን የሚጮህበት አጣ።

“መቼ አወቅክ?” አለ ፊቱን ከሰሌዳው ሳይመልስ።

“ሾኩ ሞቷል ያልክ ዕለት። ሾኩ ደህና ነበር ወንድም ጋሼ። ሞላው የጠነከረብህ አንተ ስለቀለልክ ነው።” ታናሽየው ወደ ሱሪው ወገብ አመለከተ። “ሱሪህንም እያየሁት ነው፣ እኔ ነኝ የሰፋሁት። ውሃውንም እማዬ እያየችው ነው። ሌሊት ሌሊት ለሽንት ይነሳል ብላ ሚስትህ ነግራታለች። እማዬ ከዚያን ቀን ጀምሮ ታለቅሳለች። ሰኞ ሐኪም ቤት ይዤው እሄዳለሁ ብዬ ቃል ገብቼላታለሁ።”

“ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?”

“ብነግርህ ታምነኝ ነበር?”

በርሜሉ፣ ብትነግረኝ ኖሮ ሞተሩን ፈልገህ ነው እልህ ነበር ብሎ አሰበ፣ አፈረም። “ባለሱቁ ያንተን ወፍራም ሞላ ሊገጥምልን ነበር” አለ ታናሽየው። “ተወው ያልኩት ለዚያ ነው። ሜትሩ ፊት ለፊትህ ሲናገር ብታይ ይሻልሃል ብዬ ነው። ከሰው ይልቅ ልኬት ታምናለህ።” ውጭ ዘበኛው ሬዲዮ ከፈተ። በርሜሉ ከሚዛኑ መውረድ አቃተው፤ ከወረደ ነገሩ እውነት የሚሆን መሰለው። ዓይኑ እንባ ሞላ። መርፌው ይታየው የነበረው በእንባው ውስጥ ሆኖ ነው።

ስለዚህ መርፌው መንቀሳቀስ ሲጀምር መጀመሪያ እንባው ያሳሳተው መሰለው። ሰማንያን አለፈ። ቀስ እያለ፣ ሰው እንዳይነቃበት እንደሚፈራ ነገር፣ ሰማንያ አምስት ደረሰ፣ ዘጠናን አለፈ፣ መቶም አለፈ። መቶ አራት ላይ ሲደርስ ቆመና እዚያው ተንቀጠቀጠ። በርሜሉ ዞሮ አላየም። ከኋላው ምን እንደሚደረግ ያውቃል፤ ይህን ሥራ ከያዘ ጀምሮ ከሩቅ ሲይዘው የኖረው ሌብነት ነው። “እግር!” ሊል አፉ ላይ መጣ። አላለም። መርፌው መቶ አራት ላይ ትንሽ እንዲቆይ ተወው። ከጀርባው የወንድሙ ትንፋሽ ይሰማዋል፤ ያ ቀጭን እግር ያን ሁሉ ክብደት ለመጨመር ምን ያህል እየታገለ እንደሆነ ያውቃል።

“በቃ፣ እግርህን አንሳ” አለው በመጨረሻ፣ ለስለስ ብሎ።

መርፌው ተመለሰ። በርሜሉ ከሚዛኑ ወረደ፣ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ፣ ሱሪውን ወደ ላይ ሳበ።

“ለሰውዬው ደውልለት። ሾኩ የቀጭኑ ይሁን” አለ። ከዚያ ወደ በሩ እየሄደ፣ ዞር ሳይል ጨመረ፤ “ጎማውን ግን እንዳትነኩት። ጎማ ብዙ ዓመት ነው የሚያገለግለው፣ ወፍሬ እመለስበታለሁ።”